የቷ አመለጠችህ?

አባቴ ከተቀበረ በኋላ በስልክ ያነጋግረኝ ነበር። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ወይ ያማትባል ወይ ይስቃል። እኔም ስቄበት ባልፍ ደስ ባለኝ፣ እስካሁን ግን አልሆነልኝም። እደውላለሁ፣ ያነሳል፣ «እህ» ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «እንዴት ዋልክ ልጄ?» ይለኛል። ከኋላው ወፍጮው ይጮኻል። ሰውዬው ግን ቢቸና ላይ አፈር ከተመለሰበት ሰንብቷል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

አባቴ ቢቸና ውስጥ ወፍጮ ቤት ነበረው። ታላቅ ወንድሜም ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ይሠራ ነበር። ሁለቱም ዱቄት ሲምጉ ስለኖሩ ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ ሁለቱም ከሞተሩ ጋር ሲሟገቱ ስለሚውሉ ሰላምታቸው እንኳ ጩኸት ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ ለራት ሲቀመጡ «እዚህ ወፍጮ የለም፤ ቀስ ብላችሁ አውሩ» እያለች ትቆጣቸው ነበር። ሁለቱም ንግግር ከመጀመራቸው በፊት «እህ» ብለው ዱቄቱን ከጉሮሯቸው ያወርዳሉ። ጀርባዬን ሰጥቼ ከተቀመጥኩ የትኛው እንደተናገረ መለየት ያቅተኛል።

አባቴ በእግሩ ኳስ ነክቶ አያውቅም። በወጣትነቱ የሚታወቀው በገና ጨዋታ ነው። ልደት ሲደርስ ጎረምሳው ሁሉ ሜዳ ላይ ዱላ ለዱላ ሲራኮት፣ እሱ ከሁሉም ኋላ ብቻውን ይቆማል። ሩሯ፣ ያቺ የእንጨት ኳስ፣ ሁሉንም አልፋ ስትመጣ የሚመልሳት እሱ ነው። ከፊት የሚሯሯጡትን ይንቃቸዋል። «ፊት ያለው ይጨፍራል፣ ኋላ ያለው ይጠብቃል» ይል ነበር። እኔ የግራ ተከላካይ የሆንኩት በራሴ ምርጫ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ገና ሳልወለድ የቆመበት ቦታ ላይ ነው ሄጄ የቆምኩት።

ለሞጣው ክለብ ፈርሜ ደመወዝተኛ ተጫዋች ከሆንኩ በኋላ አንድም ቀን መጥቶ አላየኝም። ወፍጮውን ትቶ የት ይሄዳል? ከጨዋታ በኋላ መደወል ግን ግዴታዬ ነው። ማን አሸነፈ ብሎ አይጠይቅም። ሰላምታው እንዳለቀ «የቷ አመለጠችህ?» ይለኛል። በዚያ ቀን ከጀርባዬ ያለፈችውን ኳስ መንገር አለብኝ፤ በምን ከፍታ መጣች፣ ነፋሱ ወዴት ነበር፣ እግሬ የት ቆሞ ነበር፣ ዓይኔስ ምን ያይ ነበር። «አንድም አላመለጠችኝም» ያልኩት እንደሆነ «እንግዲያው አላየሃትም» ብሎ ይዘጋዋል። ከነገርኩት ደግሞ እስከ መጨረሻው ይሰማና «እሺ» ይላል። በቃ።

ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ሌላው ሰው በጭብጨባ ቢያደነቁረኝ ለኔ ምኔም አልነበረም። የምፈልገው ከዚያ ሰውዬ አፍ የምትወጣ አንዲት «ጎበዝ» ነበረች። ለሷ ስል ነው የሮጥኩት ብል ማጋነን አይሆንም።

በዚያ ዓመት የክለቦቹ ውድድር የተዘጋጀው ሞጣ ላይ ነበር። ከአማኑኤል፣ ከሮብ ገበያ፣ ከጉንደ ወይን፣ ከቢቸናም ቡድኖች መጥተው ከተሙ። በመሃሉ መንገድ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ ላገሬ ሰው አላብራራም። ወጪም ገቢም የለም፤ ስልክ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሌላ ቀን ይጠፋል። የተሸነፈው ቡድንም ወደ ቤቱ መሄድ ስላልቻለ እዚያው ተቀምጦ ያሸነፉትን ሲያይ ይውላል። ውድድሩም ሌላ የሚሠራ ነገር ስለሌለ ቀጠለ። ከጉንደ ወይን ጋር የተጫወትን ዕለት ስልኩ ጨርሶ ጠፍቶ ስለነበር ለአባቴ ሳልደውል አደርኩ።

አባቴ በማግስቱ ሞተ። ደረቱን ያመው እንደነበር አውቃለሁ፤ ዱቄት ሲምግ የኖረ ሰው ደረቱን ሳያመው አይቀርም። እንዲህ ይፈጥናል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። በዕለቱ ተቀበረ።

በኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በርህን አንኳኩቶ፣ አጠገብህ ቆሞ፣ ብትወድቅ የሚይዝህ እጅ ተዘጋጅቶ ነው የሚያረዱህ። ሰው ብቻውን ሆኖ የአባቱን ሞት በስልክ ከሰማ፣ ነውሩ የቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን የአገሩ ነው። ሽማግሌዎቹ እንዲመጡ ደግሞ መንገድ የለም። ስለዚህ ቢቸና ላይ ተመከረና ተወሰነ፤ መንገድ እስኪከፈት ልጁ እንዳይሰማ። ስልኩ ሲመለስ ወንድሜ ለክለቡ ኃላፊ ነገረው። ኃላፊው ለአሰልጣኙ፣ አሰልጣኙ ለተጫዋቾቹ፣ ተጫዋቾቹ ለከተማው። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ሆነ። ያልሞቀው እኔን ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ምልክት የጫማ ነጋዴው ናቸው። ቤተሰባቸው ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ሞጣ ላይ ሲነግድ የኖረ፣ ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው ሙስሊም አዛውንት ናቸው። ኳስ ይወዳሉ፤ እኔን መስደብ ደግሞ ከኳስም አብልጠው ይወዳሉ። ባለፍኩ ቁጥር «አንተ የቢቸና በር! ዛሬም ክፍት ነህ?» ይሉኛል፤ ሱቃቸው ፊት የተቀመጠው ሁሉ ይስቃል። በዚያን ቀን ሳልፍ ከዱካቸው ተነሡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «አላህ ያበርታህ ልጄ» አሉኝ።

«ለምኑ አባቴ?» አልኳቸው።

«ለጨዋታው ነዋ» አሉ ፊታቸውን ወደ ሱቁ መልሰው።

ስድባቸው እንዲያ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ለሰለሰ። ሻይ ቤት ስገባ ወሬው ይቆማል። ሻይ የምትቀዳልን ሴት የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ትወስዳለች። አፉን የማያስር አሰልጣኛችን «የኔ ልጅ» ይለኝ ጀመር። ከኔ ጋር አንድ ክፍል የሚያድረው በረኛችን ጋደም እንዳለ የሚያንኮራፋ ሰው ነበር። አሁን እኔ ሳልተኛ አይተኛም፤ ሳገላብጥ ቀና ብሎ ያየኛል። ሜዳ ዳር አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት መጥተው ትከሻዬን ስመውኝ ምንም ሳይናገሩ ሄዱ።

እኔ ምን መሰለኝ? የምሞት መሰለኝ።

ውድድሩ ሊጀመር ሲል ከሁላችንም ለምርመራ ደም ወስደው ነበር። ወሳጇ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት የጤና ባለሙያ ነበረች፤ ያገራችንን ነገር የመሸፈን ጥበብ ገና አልለመደችም። መንገድ ላይ ስታየኝ ዓይኗ ይሞላና ወደ ሌላ በኩል ትሻገራለች። በደሜ ውስጥ አንድ ነገር ተገኝቷል፣ ከተማው ሁሉ አውቆ ተማክሮ ደብቆኛል ብዬ ደመደምኩ። ጤና ጣቢያ ድረስ ሄጄ «ምን አለብኝ? እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት።

«ምንም የለብህም፤ ጤነኛ ነህ» አለችኝ። እንዲህ እያለችኝ እንባዋ ወረደ።

ከዚያ በላይ ምን ማረጋገጫ ይፈለጋል? ከጤና ጣቢያው ስወጣ ሞቻለሁ። ዛፉን፣ የባጃጁን ጩኸት፣ የገበያውን ጭቃ፣ ሁሉን እንደሚሰናበት ሰው አየሁት። ከተማው ለአባቴ ሲያዝን እኔ ለራሴ አዝን ነበር። የኔ ለቅሶ ላይ እኔው በቁሜ ስዘዋወር የዋልኩ ያህል ነው የማስታውሰው፤ ሰዎች መንገድ ይለቁልኛል፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ያለፍኩበት ቦታ ዝም ይላል። ለማንም አልተናገርኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሜዳ ገባሁ።

ሜዳ ላይ ግን ጉድ ሆነ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። ከቢቸና ጋር ስንጫወት በኔ መስመር የመጣው አብሮ አደጌ ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ በአብዶ ሲያሾረኝ የኖረ፣ በስንት ሰው ፊት መሬት ያስቀመጠኝ ልጅ ነው። ያን ቀን ኳሷን ይዞ ይመጣና እፊቴ ሲደርስ ከእግሩ ትሾልክበታለች። እነጥቀዋለሁ። ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ እነጥቀዋለሁ። መንገድ ተዘግቶባቸው የቀሩት የቢቸና ደጋፊዎች የራሳቸውን ቡድን ትተው ለኔ አጨበጨቡ። ጨዋታው ሲያልቅ አብሮ አደጌ አንገቴን አቅፎ አልለቅም አለኝ። እኔ ደግሞ በጆሮው «ዛሬ ጨረስኩህ» አልኩት።

«አዎ፣ ጨረስከኝ» አለኝ።

ስልኩ ሠርቶ ስለነበር እዚያው ሜዳ ዳር ቆሜ ወደ አባቴ ደወልኩ። ጥሪው ቆይቶ ተነሣ። ወፍጮው ከወትሮው በላይ ይጮኻል። «እህ» አለ። «እንዴት ዋልክ ልጄ?»

«አባባ፣ ቢቸናን አሸነፍን። ያን ልጅ አንዲት ጊዜ እንኳ አላሳለፍኩትም። ደረትዎን እንዴት ነዎት?»

«እኔ ደህና ነኝ። ሰምቻለሁ» አለኝ። ቀጥሎም «ጎበዝ። ተጫዋች ማለት አንተ ነህ» አለ። ከዚያ ተዘጋ።

የምሞተውን ረሳሁት። እንደ ሕፃን ዘለልኩ። በረኛው ቆሞ ያየኝ ነበር፤ «አባባ ጎበዝ አለኝ!» ስለው ጓንቱን ፊቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የደከመው መሰለኝ። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ስለመጣ፣ ያ ጥያቄ አለመምጣቱን ልብ አላልኩም። የቷ አመለጠችህ አላለኝም።

ከዚያም ወዲህ ደጋግሜ ደወልኩ። ሁልጊዜ ወፍጮው ይጮኻል፣ ሁልጊዜ ቃሉ አጭር ነው፣ ሁልጊዜ ደግ ነው። አንድ እሑድም ደወልኩ። አባቴ በሰንበት ወፍጮ አስነሥቶ አያውቅም፣ ያን ቀን ግን ወፍጮው ይሠራል። እህል የሌለበት ወፍጮ ደግሞ ድምፁ ሌላ ነው፤ ድንጋይ ድንጋይን ሲበላ ይሰማል። የወፍጮ ቤት ልጅ ይህን ሳያውቅ አያድግም።

«ዛሬ ሰንበት አይደለም እንዴ አባባ?» አልኩ።

«ጥገና ላይ ነን» አለኝ።

ባዶ ወፍጮ እየሰማሁ «እሺ» ብዬ ዘጋሁ። እስከ ዛሬ ሌላውን ሁሉ እረሳ ይሆናል፣ ያን ድምፅ ግን አልረሳም።

ከአዲስ አበባ የመጣ የትልቅ ክለብ መልማይ እንደኛው መንገድ ተዘግቶበት ሞጣ ቀርቶ ነበር። ጨዋታዬን ሁሉ አየ። ውድድሩ ሲያልቅ ጠርቶ «የሚያልፍህ ሰው አላየሁም» አለኝና ለክለቡ እንድፈርም ተስማማን። እሱ የውጭ ሰው ስለሆነ አጥቂዎቹ ለምን እንደማያልፉኝ ማንም አልነገረውም።

መንገዱ ተከፈተ። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ብድግ ስል በረኛው ለብሶ፣ ጫማውን ሳይቀር አድርጎ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። መርዶ መሆኑ ያኔ ገባኝ። በሩን ስከፍት የቢቸና ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል፤ ከኋላቸው አሰልጣኙ፣ የቡድኑ ልጆች፣ አብሮ አደጌ፣ የጫማ ነጋዴው፣ ያቺ የጤና ባለሙያ። ከፊት ወንድሜ፣ ጥቁር ለብሶ፣ ጺሙ አድጎ።

«ልጃችን» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ «አባትህን እግዜር ወስዷቸዋል። እግዜር ያጥናህ።»

መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። የሚሞተው እኔ አልነበርኩም። እፎይታው አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየና አሳፈረኝ። ቀጥሎ ወንድሜ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከመናገሩ በፊት «እህ» አለ።

«ስልኩ!» አልኩ።

ሌላው ሁሉ ዋይ ዋይ ሲል እኔ የወንድሜን አንገት ይዤ «ስልኩ! ስልኩስ?» እያልኩ እጮኻለሁ። አብሮ አደጌ ከኋላ ደገፈኝ። ወንድሜ «እኔ ነበርኩ፣ ምን ላድርግ፣ እኔ ነበርኩ» ይላል። ድምፁ የሱም የአባቴም ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ከአባቴ አፍ የአባቴን መርዶ ሰማሁ።

ቢቸና ደርሼ ለቅሶ ተቀምጬ፣ ሰው ቀለል ሲል ወንድሜን ጠየቅኩት። «ጎበዝ ያልከኝስ?»

«እሱ ያለው ነው» አለኝ። «ከጉንደ ወይን ጋር ስትጫወቱ ያየ አንድ አስተማሪ ስልክ ያለው ሰው አግኝቶ አስነገረኝ፤ እኔም ማታውን ለአባባ ነገርኩት። ያኔ አለ። እኔ አደረስኩልህ እንጂ ቃሉ የኔ አይደለም።»

ስልክ ጠፍቶ በዋለበት ቀን ማን በምን ስልክ አስነገረህ ብዬ አልሞገትኩትም። ወሬ በኛ አገር በፖሊስ መገናኛ ሬዲዮም ይደርሳል። ዓይኑን ግን አላሳየኝም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔም ያቺን «ጎበዝ» ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር። በሁለተኛው አንድ ቀን የተቃራኒው አጥቂ እፊቴ አዳልጦት ወደቀና ኳሷን ወሰድኩ። ተራ ነገር ነው፤ ሣሩ እርጥብ ነበር። እኔ ግን ቀዘቀዝኩ። ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር ዞሬ ማን ምን እንደሚያውቅ ፊታቸውን መረመርኩ። ጨዋታው እንዳለቀ ወንድሜ ጋ ደውዬ «ማን ሞተ?» አልኩት።

«እህ፣ ማንም አልሞተም» አለኝ። በዚያ ድምፅ እንዴት ብዬ ልመነው?

ከዚያ ወዲህ ጨዋታ በቀለለኝ ቁጥር መርዶ ይሸተኛል። ደጋፊ ሲያጨበጭብልኝ ማን ነግሯቸው ይሆን እላለሁ። አሰልጣኝ በለሰለሰ ቃል ከጠራኝ ሌሊቱን አልተኛም። ስለዚህ ሰውን መማታት ጀመርኩ። አጥቂው ኳስ ሲያስነካኝ ቁርጭምጭሚቱን እለዋለሁ፤ ተነሥቶ ሲሰድበኝ፣ ሲገፈትረኝ፣ ያኔ ልቤ ይረጋል። የተናደደ ሰው አያዝንልህም። በቢጫ ካርድ ላይ ቢጫ፣ ቀይም ደጋግሞ መጣ። «አንተ ሰው ምን ነክቶሃል?» አለኝ አሰልጣኙ አንድ ቀን ማሊያዬን ጨብጦ፣ «እያሸነፍን እያለ ነው እኮ የምትራገጠው!» ምን ብዬ አስረዳዋለሁ? ስናሸንፍ ነው የምፈራው ልበለው?

መጨረሻ ላይ የራሴ ጉልበት ሄደ፤ ሰው ስመታ የተጎዳሁት እኔ ነበርኩ። ክለቡ አሰናበተኝ። ሦስተኛው ዓመቴ ሳያልቅ ቢቸና ተመልሼ ወፍጮ ቤት ገባሁ፤ እያነከስኩ ማዳበሪያ ከረጢት እይዛለሁ። አስፈጪዎቹ «ተጫዋቹ» ይሉኛል፤ በፍቅር ነው፣ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር «ተጫዋች ማለት አንተ ነህ» የሚለው ይመጣብኛል። ማን ነው ያለው? አባቴ ካለው፣ የሠራሁት ሁሉ እንደምንም ልክ ነበር። ካላለው፣ እኔ ከተማ ሙሉ ሰው ያዘነልኝ አንድ የማይረባ ተከላካይ ነኝ። ወንድሜን በየጊዜው እጠይቀዋለሁ። «አባባ ያለውን ነው ያልኩህ» ይልና ወፍጮውን ያስነሣዋል። ወፍጮው ሲጮኽ ክርክር የለም።

ባለፈው የገበያ ቀን ቤቱ በአስፈጪ ተሞልቶ ሳለ መብራት ጠፋ። ወፍጮው እያቃሰተ ቀስ ቀስ ብሎ ቆመ። ሴቶቹ መብራት ኃይልን ረገሙና ወደ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። እኔና ወንድሜ ከረጢት ላይ ቁጭ አልን። ዱቄቱ አየር ላይ ነበር። ምንም ሳልጠይቀው «እህ» አለ።

«አላለም» አለኝ።

ያቺን «ጎበዝ» ማለቱ ነበር።

«ያ አስተማሪ የጉንደ ወይኑን ጨዋታ አይቶ የላከው ወሬ እውነት ነው። ማታ ለአባባ ነገርኩት። ‹ልጅዎን አንድም ኳስ አላመለጠችውም አሉ› አልኩት፤ ደስ እንዲለው ብዬ። ዓይኑን ገለጠና ‹ውሸት› አለ። ‹የምታመልጥማ አትጠፋም። ሲደውል የቷ እንደሆነች ጠይቅልኝ› አለ። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልተናገረም። አባትህ በመጨረሻ ሰዓቱ ውሸት ብሎ ሞተ ልበልህ? ስትደውል ጨነቀኝ፣ በድምፁ ሌላ ሌላውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ያቺን ጥያቄ ግን ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም። እሷ የሱ ናት።»

ሳቄ መጣ። ከሆዴ ነው የመጣው፤ ደጅ ያሉት ሴቶች ዞረው አዩኝ። «ውሸት!» አልኩ። «ውሸት አለ!» እሱ ነው፣ እሱ ራሱ ነው። ያ ደግ ድምፅ ስንት ዓመት ሲያሳድደኝ ኖሮ አሁን ወጣልኝ፣ በቦታው ያ ክፉ ሽማግሌ ተመልሶ ገባ። በመርዶው ቀን ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩ። ወንድሜ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ አደረገልኝ፣ ለቅሶ ቤት እንዳለን ያህል።

ቆይቶ፣ ወደ መሬት እያየ፣ «የቷ ነበረች?» አለኝ።

አላመለጠችኝም አላልኩም። ያቺን ኳስ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ሰው አላነሣትም፤ ቋሚውን መትታ ስለተመለሰች ሁሉም ረስቷታል። እኔ ግን ስልኩ እስኪሠራ ድረስ ለአባቴ የምነግርበትን ቃል እያዘጋጀሁ አድሬ ነበር። ከዕረፍት በፊት ነው፤ የጉንደ ወይኑ ተከላካይ ከሩቅ ለጋት፤ ከፍ ብላ መጣች፣ ነፋሱ ወደ እኔ ነበር፣ ቀኝ እግሬ መስመሩ ላይ፣ ዓይኔ ደግሞ ዳር ቆሞ በሚጮኽ ሰው ላይ። ዞር ስል በራሴ ላይ አልፋለች። መብራቱ መጣና አስፈጪዎቹ እየተንጋጉ ገቡ። ወንድሜ እጁን አንሥቶ አስቆማቸውና «እሺ፣ ከዚያስ?» አለኝ።